ፀሐይን በካርቶን ለክቼ ልጅ ልጠይቅ የሄድኩ ዕለት

ናዝሬት፣ ንጋት 12 ሰዓት

ሁለት ሜትር የካርቶን ቱቦ ትከሻዬ ላይ አጋድሜ መናኸሪያ ብደርስ፣ ሁለት አውቶቡሶች አንጭንህም አሉኝ። "ጓድ፣ መድፍ ይዘህ የት ነው?" ይላል ረዳቱ። ምን መድፍ! የጨርቅ ጣቃ የሚጠቀለልባቸውን ካርቶኖች ከሱቅ ለምኜ፣ ገጣጥሜ የሠራሁት ፀሐይ መለኪያ ነው። ባንዱ ጫፍ የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት በመርፌ ተበስቶ ተለጥፏል፤ በሌላው ስስ ነጭ ወረቀት አለ። ወደ ፀሐይ ሲያነጣጥሩት ስሱ ወረቀት ላይ ትንሽ ክብ ፀሐይ ትወጣለች። እሷን ለክቶ ትልቋን ማስላት ነው።

የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ለሊሴ የምትባል ታይፒስት ማግባት እፈልጋለሁ። አባቷ ጋሽ በዳሳ አርሲ ነገሌ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ባለፈው "መለካት ለማያውቅ ሰው ልጄን አልሰጥም" ሲሉኝ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ "እኔ ፀሐይን እለካለሁ!" አልኳቸው። "በል የፊዚክስ መጽሐፍህን ተውልኝ" አሉኝ። "ለክተህ ከመጽሐፉ ከገጠመ እንነጋገራለን፤ ካልገጠመ እግርህን እዚህ ደጃፍ እንዳላይ!" ቀጠሮው ዛሬ ነው። ሌሊቱን አልተኛሁም።

ደግነቱ ባዶ ጆንያ ጭኖ ወደ ሻሸመኔ የሚሄድ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር አዘነልኝ። ዘርጋው ይባላል።

ከሞጆ በኋላ፣ 2 ሰዓት

ግራር፣ አቧራ፣ የቲማቲም ሣጥን፣ አህያ። ጋቢናው ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል።

"ሙቀቷንስ በምን ትለካዋለህ?" አለኝ ዘርጋው።

"በቀለሟ ይታወቃል። ብረት ሲግል መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ይነጣል። ኮከብም እንደዚያው ነው። ፀሐይ ላይዋ ስድስት ሺህ ዲግሪ ገደማ ነው።"

"ከመተሃራ ትብሳለች?"

"ትብሳለች።"

"በብዙ?"

"በብዙ።"

"ተው እንጂ አስተማሪ! መተሃራ ሦስት ዓመት ሸንኮራ ጭኛለሁ።"

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ "ሌሎቹ ኮከቦች ዙሪያስ ምድር አለ?" አለኝ። እስካሁን ያየ ሰው የለም፣ እኔ ግን አለ ባይ ነኝ አልኩት። የኮከቡ ስፋትና ሙቀት ከታወቀ፣ አጠገቡ ያለ ምድር ይንደድ ወይ ይቀዝቅዝ መገመት ይቻላል።

"ኬላስ ይኖረዋል?" ብሎ ፍሬን ያዘ። እኛ ፊት ለፊት አንድ ተገትሯል።

ኬላ፣ 3 ሰዓት

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ፀሐይ መለኪያ።"

"ፈቃድ አለህ?"

"ለፀሐይዋ?"

"ለመለካቱ!"

ፈታሹ ቡና የደበቅሁ መስሎት፣ ጆንያ የሚወጋበትን ሹል ብረት ቱቦው ውስጥ ሰደደው። ጫፉ ተተረተረ። ቡና ሲያጣ "እለፉ" አለን። እኔም የተቀደደውን በምላጭ ቆርጬ ጣልኩና ብልጭልጩን መልሼ ለጠፍኩት። ጨርሶ ባለመበላሸቱ ደስታዬ ወሰን አጣ። ዝዋይ ላይ ዘርጋው አሳ ጥብስ ሲጋብዘኝ አጥንቱ እስኪቀር በላሁ።

አርሲ ነገሌ፣ እኩለ ቀን

"አካም ጅርታ!" ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ ጋሽ በዳሳ ከእህል መጋዘናቸው በር ላይ። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል። ለሊሴ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አቅፋለች፤ ዓይኔን አላይ አለች።

ቱቦውን አጥር ላይ ደገፍኩና አነጣጠርኩ። ትንሿ ፀሐይ ወጣች።

"ይቺ ናት? አምስት ሳንቲም እንኳ አታክልም!" አሉ አንዲት ሴትዮ ቅር ብሏቸው።

ለካሁ፤ አሥራ ስድስት ሚሊ ሜትር ተኩል። ሁለት ሜትሬን በዚያ አካፈልኩና በኩራት ተናገርኩ፦ "ከኛ እስከ ፀሐይ መቶ ሃያ አንድ ፀሐይ ጎን ለጎን ይደረደራል!"

ለሊሴ መጽሐፉን ገለጠች። "መቶ ስምንት ገደማ ይላል" አለች፣ ድምጿ እየሰለለ።

እንደገና ለካሁ፣ ያው ነው። አበቃልኝ፣ አልኩ በልቤ።

ጋሽ በዳሳ እህል ሲገዙ አንድ ልማድ አላቸው፤ መጀመሪያ ቁናውን ገልብጠው ቂጡን ይፈትሻሉ። ቱቦዬን ተቀብለው መሬት ላይ አጋደሙት፣ በክንዳቸው ለኩት።

"ሁለት ሜትር አላልክም?"

"አዎ፣ ጋሽዬ።"

"ሁለት ሜትር በኔ ክንድ አራት ክንድ ከስንዝር ነው። ይሄ አራት ክንድ ብቻ ነው። ስንዝሯን ምን በላት?"

"ወይኔ ጉዴ! ኬላ ላይ ሲቀደድ ቆርጬው ረሳሁ! ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሽዬ፣ መለኪያዬን ሳልፈትሽ ለካሁ!"

በሜትር ለካሁት፤ መቶ ሰባ ስምንት ሳንቲ ሜትር። እዚያው አቧራው ላይ ተንበርክኬ እንደገና አካፈልኩ። መቶ ስምንት! ለሊሴ እልል ልትል ከጅሏት አፏን በመጽሐፉ ሸፈነች።

ጋሽ በዳሳ አልሳቁም። "ሠላሳ ዓመት ነግጃለሁ" አሉ። "ቁናህ ጎደሎ ነው ስለው የማይምል፣ የማይቆጣ፣ 'ጥፋቱ የኔ ነው' የሚል ሰው ዛሬ ገና አየሁ።" አቧራቸውን አራገፉ። "በል፣ ሽማግሌ ላክ።"

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

"የሠርጉን ቀን ግን እኛ እንቆጥራለን፤ አንተ ከቆጠርከው ስንዝር ይጎድላል።"