ተቀምጠን የምንጀምረው ውዝዋዜ

አጎቴ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ባለው አዳራሽ ውዝዋዜ ሲያስተምሩ ሁልጊዜ ተቀምጠን ነበር የሚያስጀምሩን። ምክንያቱን ላስረዳ፦ አንዷ ተማሪ፣ ሂንዳ፣ የምትሄደው በክራንች ነው። ቆመን ብንጀምር ተመልካች ትሆናለች፤ ተቀምጠን ስንጀምር ግን በትከሻ ሁላችንንም ትበልጠናለች።

አንድ ጎረምሳ፣ «ጋሼ፣ ጡረታ ወጣን እንዴ?» ብሎ አሾፈ።

«ሂንዳን በትከሻ ስትደርስባት ትቆማለህ» አሉት።

«አቦ፣ እንደተቀመጠ ሊያረጅ ነው» አለች ሂንዳ።

አጎቴ ካረፉ ወዲህ የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ደክሞኛል። እሳቸው ከበሮ እየመቱ ሁሉንም ያዩ ነበር። እኔ ከበሮውን ስይዝ ተማሪዎቹ ያመልጡኛል፤ ተማሪዎቹን ሳይ ምቱ ይጠፋብኛል። ሂንዳም ከቀብሩ በኋላ ከትምህርቱ ቀረች።

ደውዬ፣ አብሮ መጨፈር ለሁላችንም ለምን እንደሚበጅ በሰፊው አብራራሁላት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ቲቸር፣ ጋሼ ይሄን ሁሉ ብለውኝ አያውቁም። ‹የት ቀረሽ?› ብቻ ነበር የሚሉኝ።»

«የት ቀረሽ?» አልኳት።

«ከበሮውን አሁን ማን ይመታል?»

«እንደሚገባ ማንም አይመታውም።»

ትናንት መጥታ ከበሮውን ጭኗ ላይ አድርጋ መታች። እንደ እሳቸው አይደለም፤ አንዳንዴ ትፈጥናለች። ካረፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሉን በሙሉ አየሁ። እሳቸው የሉም።