የማስረሻ የልጅ ልጅ ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የማስረሻን ስም ግን ያወጡት እናቷ ናቸው፤ ያውም የበኩር ልጃቸውን አፈር ባለበሱ በዓመቱ። የአገሩ ልማድ ነው፤ ከሞት ኋላ የመጣ ልጅ ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ ይባላል። ገና ዳዴ ሳይል የሌላ ሰው ሐዘን ይጭኑበታል።

ማስረሻ መርሳ መንገድ ዳር ማንጎና ፓፓያ እየቸረቸረች ሁለት ልጆች አሳደገች። ሶስና ወልድያ ተዳረች። ያሬድ ሚኒባስ ያሽከረክር ነበር፤ ባለፈው ክረምት ውርጌሳ ጋ መኪናው ተገለበጠና በዚያው ቀረ።

በለቅሶው ላይ ከማስረሻ ዓይን ጠብ ያለ እንባ የለም። ሴቶቹ፣ "ጉድ እኮ ነው! የምን ልብ ነው ይሄ?" ተባባሉ። አፍ መቼ ዳገት ይፈራና! ሴትዮዋ መላ ሰውነቷ ደንዝዞ ነበር። ለቀስተኛው ሲበተን ማንጎዋን ይዛ ወጣች። ወጡ ላይ ሁለቴ ጨው ትጨምራለች፤ ትበላዋለች፤ አይታወቃትም። ሚኒባስ ሲቆም ቀና ትላለች፣ መልሳ ታቀረቅራለች። ጎረቤቷ ሩቂያ ብቻ፣ አላህ ይስጣት፣ "አብሽሪ" ብላ አጠገቧ ትቀመጣለች እንጂ አልቅሺ አላለቻትም።

ዘንድሮ ሶስና ወንድ ልጅ ወለደች። ዘመድ ሁሉ፣ "እሰይ! እግዜር ካሰሽ!" አለ። ማስረሻም "ተመስገን" አለች፤ ደስታው ግን ወደ ውስጧ አልዘለቀም።

የክርስትናው ዕለት፣ ሶስና ቤት ድግሱ ደርቶ ሳለ፣ የማስረሻ ሟች ባል ታላቅ ወንድም አቶ ገበየሁ ጠላቸውን አስቀምጠው ተነሡ።

"እስካሁን ማሙሽ እያልን ቆየን። ስም ማውጣት የአያት ወግ ነው። እኛ ምትኩ ብለናል፣ የያሬድ ምትክ። አንቺም እንደ ስምሽ ሁኚና እርሺው እንግዲህ! የሞተ ተጎዳ።"

ሶስና ሕፃኑን እናቷ ጭን ላይ አኖረችው። "እሺ በያቸው እማዬ። ትንሽ ያስረሳሽ ይሆናል።"

ማስረሻ ልጁን አየችው። የያሬድን አፍንጫ ፈለገች። አፍንጫው የራሱ ነበር።

"ምትኩ አይባልም" አለች።

"ምን ነካሽ? ስም እኮ ነው!" ተቆጡ አቶ ገበየሁ።

"ጋሼ፣ እርስዎ አልተሸከሙትም።" ወደ ሶስና ዞረች። "እናቴ ማስረሻ አለችኝ። ፀጉሬን እየሠራችኝ እንኳ የምታነሳው የሞተውን ወንድሜን ነበር። እሱን አንድም ቀን አልረሳችውም። የረሳችው እኔን ነው።"

ሶስና፣ "ታዲያ ማን ልበለው?" አለች።

"ያሻሽን በይው። ብቻ ልጄን አትተኪብኝ፤ የያሬድ ሐዘን የኔ እንጂ የዚህ ልጅ አይደለም" አለችና ሕፃኑን ለእናቱ መለሰችለት። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ በድግሱ መሐል፣ ልጇን አለቀሰችው።