አሪየት «ድንች» ያለችው ቅጠል

ባለፈው ክረምት ለጋዜጣ ሥራ ወደ ጋምቤላዋ አቦቦ ወርጄ፣ ከአልዌሮ ግድብ ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ ውስጥ ከአንዲት ገበሬ ጋር ስለ ዝናቡ ስናወራ፣ ሴትዮዋ ወሬዋን ሳታቋርጥ ከጓሮዋ አንድ እቅፍ ሐረግ አምጥታ ለፍየሎቿ እግሬ አጠገብ ጣለችው። ቅጠሉ የልብ ቅርጽ አለው፤ ከተሰበረው አገዳ ነጭ ወተት ያዣል፤ እርጥብ አፈር የተቀላቀለበት ጥሬ ሽታው አፍንጫዬን መታው። ስኳር ድንች መሆኑን አይቻለሁ። ያየሁትንም ቢሆን መጠየቅ የሥራ ልማዴ ስለሆነ ግን ምን እንደሚሉት ጠየቅኳት።

«ድንች ነው» አለችኝ።

«ስኳር ድንች?»

«አዎ፣ ድንች። ያኛው የሱቅ ድንች ነው። እሱ እኛ ጋ አይበቅልም» ብላ ሳቀች።

መቅረጫዬን አጠፋሁት። በልጅነቴ አንዲት ትንሽ ኤሊ ሞታብን ጥፋቱ በጓደኛዬ በአሪየት ላይ ቀርቶ ነበር፤ አሪየት ያጠፋችው ምንም እንዳልነበረ የገባኝ እዚያ ግቢ ውስጥ ቆሜ ነው።

ያደግሁት ጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ ነው። አባቴ ከወሎ መጥቶ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር፤ ቤታችን ከሱቁ ጀርባ ሆኖ ቀን ቀን ቆርቆሮው እየተንጣጣ፣ የሳሙናና የጋዝ ሽታ ከመኝታ ቤታችን ድረስ እየገባ፣ እኛ ልጆቹ ግቢያችን ካለችው ኒም ዛፍ ሥር ካልሆነ በቀር መተንፈሻ አልነበረንም። ከአጥሩ ማዶ የአሪየት ቤት ነው። አባቷን መንደሩ ሁሉ «ወንጌላዊው» ይላቸው ነበር፤ በብስክሌት ከመንደር መንደር እየዞሩ የሚሰብኩ፣ ቀጭንና ሳቂታ የአኙዋ ሰው ነበሩ። እሷ ጠዋት፣ እኔ ከሰዓት ፈረቃ ስለምንማር የምንገናኘው እሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔ ከመሄዴ በፊት ባለችው ጥቂት ጊዜና ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ ምናልባት ጊዜያችን አጭር ስለነበረ ይሆናል ተጣልተን የማናውቀው።

አሪየት አማርኛን የተማረችው ከእኛ ሱቅ ደጃፍ ነው ማለት ይቻላል። ከእኔ ጋር ስታወራ ባትስትም፣ ትልልቆቹን ስታናግር ግን «አንተ»ና «አንቺ» ይምታቱባት ነበር። አንድ ቀን እናቴን ቆማ «እማማ ዘይነብ፣ አንተ በጣም ጥሩ ነህ» ስትላት እናቴ አገጯን ዳብሳ «ምነው፣ ጢም አብቅዬ ነው እንዴ?» አለቻት፤ ከዚያ ወዲያ አሪየት በመጣች ቁጥር እናቴ አገጯን መዳበስ ሆነ ሰላምታቸው።

ኤሊዋን ያመጧት ወንጌላዊው ናቸው። ከጎግ ወረዳ ሲመለሱ መንገድ ላይ አግኝተው፣ መኪና እንዳይጨፈልቃት በኮታቸው ኪስ ይዘዋት መጡ፤ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ታክላለች። አሪየት ቤት ውሻ ስለነበረ እኛ ዘንድ እንድታድር ተወሰነ፤ ቂጡ የተቀደደ ሳፋ ኒሟ ሥር ደፍተን ቤት ሠራንላት። ስሟን ያወጣችው አሪየት ናት፦ ቆርቆሮ። «የእኛ ቤት ሣር ነው፣ የእናንተ ቆርቆሮ ነው። እሱ የራሱን ቆርቆሮ ተሸክሞ መጣ» አለች። ለእሷ ኤሊው «እሱ» ነበር፣ ለእኔ «እሷ»፤ ማንኛችን ልክ እንደነበርን አላውቅም።

ችግራችን ምን እናብላት ነው። አባቴ በሻይ የራሰ ዳቦ ሰጣት፤ ቆርቆሮ አንገቷን አውጥታ አየችውና መልሳ ገባች፤ አባቴም «እንግዳዋ ዳቦዬን ናቀች» ብሎ ራሱ በላው። እናቴ የምታውቀው አንድ ሕግ ብቻ ነበር፦ ሲሰበር ወተት የሚያወጣ ተክል አይነካም። በአገሯ በቅንጭብ ወተት ዓይኑ የተጎዳ ሰው አይታለች። ስለዚህ የምናመጣውን ቅጠል ሁሉ እየሰበረች ወደ ብርሃን ትይዘው ነበር። የአሪየት መለኪያ ሌላ ነው፤ ቤቷ የማይበላውን አታመጣም። ኩድራ የምንለውን፣ ሲቀቀል እንደ ባሚያ የሚዝለገለገውን ቅጠል፣ የዱባ ቅጠል፣ ከባሮ ወንዝ ዳር ለጋ ሣር በቀሚሷ ሸክፋ ትመጣለች፤ ጫፉን ነክሳ ትቀምሳለች፤ ከዚያ ለቆርቆሮ ታቀርብና በሆዷ ተኝታ አፏን ታያለች። ያች መርፌ ቀዳዳ የምታህል አፍ ቅጠሉን ስትቀነጥስ የሚሰማውን ድምፅ ዛሬም አልረሳሁትም፤ ወረቀት በቀስታ ሲቀደድ ይመስላል። እናቴ መርምራ፣ አሪየት ቀምሳ ያለፈ ቅጠል ቆርቆሮን አንድም ቀን አልጎዳም።

ከዚያ ጎግ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ መጣና ወንጌላዊው ቤተሰባቸውን ይዘው ሊሄዱ ሆነ። አሪየት መኪናው እየጠበቃት፣ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ።

«ድንች ቅጠል ስጪው። ኤሊ በጣም ይወዳል። ሌላ አትስጪ፣ አንቺ አታውቂም።»

«ድንች እኛም ጋ አለ» አልኳት።

«አለ? ጥሩ!» ብላ እየሮጠች ሄደች።

እውነትም ነበረን። በዚያ ክረምት ከደጋ የመጣ አንድ ጆንያ ድንች መንገድ ላይ ሰንብቶ ሲደርስ አቆጥቁጦ ነበር፤ አባቴ መጣሉ ቆጭቶት ከመጋዘኑ ጀርባ ተከለው። ቅጠሉ ተንዠረገገ፤ ከሥሩ ሲቆፈር የሚወጣው ግን ከለውዝ አይበልጥም ነበር። «የጋምቤላ ሙቀት ገና መሬት ውስጥ እያለ ይቀቅለዋል» ይላል አባቴ ለደንበኞቹ። ቅጠሉን ቀጥፌ ለእናቴ አሳየኋት። ሰበረችው፤ ወተት የለውም። «ይሄ ደህና ነው» አለች። እኔም አሪየት እንዳዘዘችኝ ከእሱ ሌላ አልሰጠሁም። ቆርቆሮ መጀመሪያ በላች። ቀጥሎ ተወች። ከዚያ ዓይኗ ተጣበቀ፤ ስትነካ አንገቷን መሰብሰብ አቆመች፤ አንድ ጠዋት ሳፋውን ስናነሣ ሞታ አገኘናት።

አሪየት ስትመለስ በአጥሩ ቀዳዳ ሳይሆን በበር ገባች፤ በፌስታል ማንጎ ይዛልን ነበር። ነገርኳት።

«ምን ሰጠሽው?»

«ድንች ቅጠል።»

«እኔ ያልኩትን?»

«ያልሽኝን።»

ኒሟ ሥር ቁጢጥ ብላ ባዶውን ሳፋ አየችው። «እኛ እንበላለን» አለች ቀስ ብላ፣ ለማናችንም ሳይሆን። ወደ መጋዘኑ ጀርባ ሄዳ እንድታይ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ቃሉ አንድ፣ ቅጠሉም ያው አንድ መስሎን ነበር። እናቴ ወጥታ ራሷን ዳበሰቻት። «አይዞሽ፣ ልጅ ነሽ፤ ከየት ታውቂያለሽ?» አለቻት። ከልቧ ነበር፤ ማታም አባቴን «ልጅቱን ማንም እንዳይወቅሳት» ብላ አስጠነቀቀችው። ማንም አልወቀሳትም። ሁላችንም ይቅር አልናት።

ከዚያ በኋላ አሪየት ቅጠል ነክሳ ስትቀምስ አላየኋትም። ራሷ ከባሮ ዳር ያመጣችውን ኩድራ ይዛ እናቴን «ይሄ ይበላል?» ብላ ስትጠይቅ ሰምቻለሁ፤ በእናቷ ጀርባ ታዝላ ስትበላው ያደገችውን ነገር። ወንጌላዊው ወደ ጎግ ተመድበው ቤታቸውን ሲለቁ መጥታ ተሰናበተችን። እናቴ አገጯን ዳበሰች። አሪየት ፈገግ አለች እንጂ «አንተ» አላለቻትም፤ «አንቺ»ን አስተካክላ ተናገረች።

ኋላ አንድ የእንስሳት ሐኪም ጠይቄያለሁ። የደጋ ድንች ቅጠልና ቡቃያ መርዝነት እንዳለው፣ የስኳር ድንቹ ግን ለኤሊ የሚሰጥ ምግብ እንደሆነ ነገረኝ፤ ቆርቆሮን የገደላት እሱ ብቻ ለመሆኑ ሳያያት መማል እንደማይችልም ጨመረ። እኔም አልምልም። እርግጠኛ የምሆንበት አሪየት ልክ እንደነበረች ነው። ከአጥሩ ማዶ በጓሯቸው የነበረውን የስኳር ድንች ሐረግ ቀጥፋ ብታመጣልን ኖሮ ደግሞ እናቴ ሰብራ ወተቱን አይታ «ይሄ መርዝ ነው» ብላ ትጥለው ነበር፤ በዚያው ግን «የቱን ድንች ነው የምትይው?» ብሎ የሚጠይቅ ይገኝ ነበር። አባቴም እናቴም አሁን የሉም። ስለ ኤሊዋማ፣ ልጅ ሁሉ አንድ የሚሞትበት እንስሳ አያጣም። እኔን የሚቆጨኝ ያ ይቅርታ ነው። በሥራዬ ስሕተት ሲወጣ በማግሥቱ እርማት እናወጣለን፤ ያንን ይቅርታ ግን መልሰን የምንወስድበት ቦታ አላገኘሁም።

አቦቦ ላይ ሴትዮዋ ዓይኔን ከሐረጉ አለማንሣቴን አይታ በእግሯ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«ከብት አለሽ? ውሰጂ።»

«ከብት የለኝም። ድሮ ኤሊ ነበረኝ።»

«ኤሊ? ኤሊ ድንች በጣም ይወዳል!»

«አውቃለሁ» አልኳት። «አሪየት የምትባል ልጅ ነግራኝ ነበር። ወደ ጎግ ነው የሄዱት።»

ሴትዮዋ ፊቷ በራ። ጎግ ዘመድ አላት፤ አሪየት የሚባሉም ብዙ ታውቃለች። «የማን ልጅ?» አለችኝ።

በሥራዬ የአባት ስም ሳልጠይቅ የማንንም ቃል ተቀብዬ አላውቅም፤ የአሪየትን ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩም። «የወንጌላዊው» አልኳት፤ እሷም ቀጥዬ ስሙን እስክነግራት ድረስ ትጠብቀኝ ጀመር።