አክስቴ ያጠበችው ቦይ

አክስቴ ከሚሴ ውስጥ ለስፌት የሚሆን አለላ እያቀለመች ትሸጣለች። ሣሩን ከገበያ በምትገዛው የዱቄት ቀለም ታፈላዋለች፤ ቀይ፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ። የተረፈውን ውሃ በጓሮዋ ቦይ ትለቀዋለች። ልጅ ሆኜ ያ ቦይ መልኩን ሲቀያይር ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ውሃው ወርዶ ወርዶ ቦርከና ወንዝ እንደሚገባ፣ የጨፋ ሜዳ ከብትም ከዚያው እንደሚጠጣ ማሰብ የጀመርኩት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው።

ለሁለተኛ ዲግሪዬ ቀለም የሚበሉ ባክቴሪያዎችን ለማጥናት መረጥኩ። እነዚህ ባክቴሪያዎች ድንጋይ ላይ ተጣብቀውና ተደራርበው ዝልግልግ ሽፋን ይሠራሉ፤ ባዮፊልም ይባላል። እንዲህ ተሰባስበው ሲኖሩ ለየብቻ የማይችሉትን መርዝ ይችሉታል። አማካሪዬ ቀለም ለዓመታት የፈሰሰበት ቦታ ፈልጊ ሲሉኝ የአክስቴ ቦይ ትዝ አለኝ። በዚያ ዝልግልግ ድንጋይ ስንቴ ተንሸራትቼ ወድቄያለሁ። ደወልኩና ቦይሽን ላየው ልመጣ ነው አልኳት።

ባጃጁ በሯ ላይ እንዳወረደኝ አክስቴ እጄን ይዛ በቀጥታ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ቦዩ ያብረቀርቃል። የዩኒቨርሲቲ ሰው ሊያየው ነው ብላ ድንጋዩን ሁሉ በአሸዋ ፈትጋ፣ በበረኪና አጥባዋለች። ምስጋናዬን ስትጠብቅ እኔ የማለቅስ መሰለኝ።

የመጣሁት ያጠበችውን ዝልግልግ ፍለጋ እንደሆነ ስነግራት አፏን ይዛ ቀረች፤ ከዚያ ሻሿ እስኪወርድ ሳቀች። "አብሽሪ፣ እጄ ያልደረሰበት ቦታ አለ" አለችኝ። ቦዩ በአጥሩ ስር አልፎ ጎረቤት ግቢ ይገባል። ችግሩ ጎረቤቷ ነበሩ። ሽማግሌው የፍየሎቼን እግር በቀለም ነከርሽው እያሉ ከአክስቴ ጋር በአማርኛም በኦሮምኛም ሲነታረኩ ኖረዋል። አሁን ያንኑ ዝቃጭ ልንለምናቸው በራቸው ላይ ቆምን።

ሰላምታው ረዘመ፤ ጤናው፣ ቤተሰቡ፣ ከብቱ ሁሉ ተጠየቀ። ጉዳዬን አስረድቼ ስጨርስ ሽማግሌው ወደ አክስቴ ዞሩ።

"ስንት ዘመን ውሰጂልኝ ስል አልሰማሽም። ዛሬ ፈልገሽ መጣሽ?"

አክስቴ አንገቷን ደፋች፤ ሳቋን ግን መደበቅ አልቻለችም። እሳቸውም ፈገግ አሉና አስገቡን። ቦዩ ውስጥ የነበረውን ትልቅ ድንጋይ የገለበጡልን ራሳቸው ናቸው። ከስሩ ወደ ጥቁር የሚያደላ ወፍራም ሽፋን ተኝቷል። በማንኪያ ስፍቀው ወርቅ ያገኘሁ ያህል ነበር።

ከፊሉን ለላቦራቶሪ አስቀመጥኩ። በቀረው አክስቴ ጓሮ ውስጥ ሙከራ ጀመርን፤ በርሜል ጠጠር ሞልተን ሽፋኑን በተንነው፣ ቀለም ያለበት ውሃና ለባክቴሪያዎቹ ምግብ የሚሆን ጥቂት ስኳር ጨምረን ከደንነው። ጠጠሩ እስኪዝለገለግ ሳምንታት ጠበቅን። ከዚያ አክስቴ ከምንቸቷ የቀረውን ቀይ ውሃ ገለበጠችበት። ከቀናት በኋላ ከበርሜሉ ስር የገጠምነውን ቧንቧ ስከፍት የወረደው ውሃ የገለባ መልክ ነበረው። አክስቴ በብርጭቆ ቀድታ ወደ ፀሐይ አነሳችውና ማሻአላህ አለች። ጎረቤቷ እንግዲህ ፍየሎቼ ይጠጡት ብለው ጠየቁ። አይሆንም አልኳቸው፤ ቀለሙ ሲሰበር ዓይን የማያየው ስብርባሪ ይቀራል፣ እሱም ይጎዳል። ስብርባሪውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች አየር ስለሚፈልጉ አየር የሚያገኝ ሌላ በርሜል አስከተልን። ከሁለተኛው የወጣው ውሃ በላቦራቶሪ ሲመረመር ከበፊቱ እጅግ የተሻለ ሆነ፤ ለመጠጥ ግን ገና ነው። አረንጓዴው ደግሞ እስካሁን እያስቸገረን ነው።

ባለፈው ናሙና ልወስድ ስሄድ አክስቴንና ጎረቤቷን በመጀመሪያው በርሜል አጠገብ አገኘኋቸው። ሽማግሌው የባቄላ ቅቅል ውሃ በጣሳ ይዘዋል፤ አክስቴ ክዳኑን ከፍታላቸዋለች። ከስኳር በቀር ምንም እንዳይጨመር አስጠንቅቄ ነበርና ምን እየሠራችሁ ነው አልኩ።

አክስቴ ጣሳውን ተቀብላ ውሃውን በርሜሉ ውስጥ አፈሰሰችው። "ልጄ፣ ማን በስኳር ብቻ ይኖራል?" አለችኝ።