የጉንጬን ውስጥ ልትፍቅ የጠየቀችኝ ልጅ

የማዳሜ ልጅ ኩሽና ድረስ መጥታ በእንጨት ስንጥር የጉንጭሽን ውስጥ ልፋቅ ስትለኝ፣ ኢቃማዬ፣ ያው የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሊታደስ ተቃርቦ ነበር። ለትምህርቷ ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ልታይ ነው አለች። እኔ ግን በልቤ ምርመራ ነው አልኩ። በሽታ የተገኘባት ሠራተኛ ተርሒል ናት፤ ወደ አገሯ ትጫናለች። መንሱራ ሰፈር ላለችው የወሎ ልጅ ጓደኛዬ ብደውልላት፣ «እህቴ፣ አፍሽን እንዳትከፍቺ» አለችኝ።

ደግሞ በዚህ ቤት ፀጉር እንኳ ዝም ብሎ አይጣልም። ማዳም ሠራተኛ ድግምት ታሠራበታለች ብላ፣ ከማበጠሪያ የረገፈውን ራሷ ለቅማ ትቆልፍበታለች። እኔም ብሆን የጥፍሬን ቁራጭ ግቢው ውስጥ ካለው የተምር ዛፍ ሥር እቀብራለሁ።

ልጅቷ መጽሐፏን ከፍታ አስረዳችኝ። ሕዋሱን በከበበው ስስ ሽፋን ላይ ፕሮቲኖች ተሰክተዋል። አንዳንዱ እንደ ቧንቧ ውሃና ጨው ያሳልፋል፤ ሌላው ስኳሩን ይዞ፣ ቅርጹን ለውጦ ወደ ውስጥ ይለቀዋል። ከሩቅ የመጣ መልእክት የሚቀበልም አለ። ሕዋሱ የማን እንደሆነ የሚያሳውቅም አለ።

«ኢቃማው ነዋ» አልኳት።

ሳቀች። «አዎ ኻላ፣ ኢቃማው።» እንደ አክስት ነው የምትጠራኝ።

«የሌለውስ?»

«የሰውነት ጠባቂዎቹ ይበሉታል።»

ይብስ ጠረጠርኩ። ፕሮቲኖቹን በማይክሮስኮፗ ታያቸው እንደሆን ስጠይቃት፣ ደቃቅ ስለሆኑ አይታዩም አለችኝ። ሳያዩ ማመንን እኔ ለአላህ ብቻ ነው የማውቀው።

ኋላ ተስማማን፤ እሷም የራሷን ትፍቃለች፣ አይታ ስትጨርስ የተፋቀው የተቀባባቸውን ሁለቱንም ስስ መስታወቶች እኔ አጥባለሁ። ቢስሚላህ ብዬ አፌን ከፈትኩ። አይታ ስታበቃ የትኛው የእኔ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ቀይራብኝ እንዳይሆን ሁለቱንም አጥብቄ ይዤ ወደ መታጠቢያው ስሄድ ማዳም ገባች።

አንደኛው የልጇ መሆኑን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። «እኔ ነኝ የሰጠኋት» አለች ልጅቷ። ማዳም መስታወቶቹን ከእጄ ወስዳ ሳህን ሙሉ በረኪና ውስጥ ነከረቻቸው፤ ኸላስ፣ በቃ፣ ሂጂ አለችኝ።

አልሄድኩም፤ የእኔም እዚያ ውስጥ ነበር። እሷም አልሄደች። በረኪናው ዓይናችንን እያቃጠለን ሳህኑን ስንጠብቅ ቆየን። በመጨረሻ እያየችኝ ደፋሁት።

«ነገ ለኢቃማሽ ምርመራ ትሄጃለሽ» አለችኝ ከበሩ ላይ ዞራ። «ደም ይወስዳሉ፤ ቁርስ እንዳትበዪ።»

ምርመራው ገና ነበር ማለት ነው።