ዋዜማው ነው ወይስ ዕለቱ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምሁት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እጄ እስክርቢቶ የያዘው ስልክ ቁጥር ለመጻፍ ብቻ ነው። መናገርም አይሆንልኝም። ሰው በበዛበት ድምፄ ይጠፋል። ይህንንም በአፌ ልናገረው ሞክሬ ስላቃተኝ ነው የምጽፈው።

አገሬ መካነ ብርሃን አጠገብ ነው። ወደ ጎንደር የመጣሁት የአባቴን ታላቅ ወንድም ላገለግል ነው። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ነበሩ። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ ቤት የሚይዝላቸው ሰው አጡና አባቴ እኔን ላከ። አጎቴ ቢሆኑም እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ ነበር የምላቸው።

በታኅሣሥ መግቢያ አንድ ማለዳ ወታደሮች መጡ። ከየኔታ ተማሪዎች ሁለቱ ጫካ ገብተዋል ተብሎ ነው።

«ከደጄ ከወጡ በኋላ የት እንደሚውሉ አላውቅም» አሉ የኔታ። «የማውቀው ሲያነቡ የት ላይ እንደሚሳሳቱ ነው።»

እኔ ሽሮ እያማሰልሁ ነበር። አንዱ ወታደር ዞረና «አንቺስ?» አለኝ። መልስ ከአፌ አልወጣም። ዝም ማለቴ የምደብቀው ያለ አስመሰለኝ። «እሷንም ጫኗት» አለ። እሳቱን እንኳ አላጠፋሁትም።

የወሰዱን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ትምህርት ቤት ነው። ወንዶቹን በአንድ በር፣ ሴቶቹን በሌላ በር አስገቡን። ክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት ጥቁር ሰሌዳውን ነው። «የውኃ ጥቅሞች» የሚል በጠመኔ ተጽፎበታል፤ ከሥሩ ሁለቱ ተዘርዝረው ሦስተኛው ሳይጻፍ ቀርቷል። ወንበሮቹ ወጥተዋል። መስኮቶቹ ላይ ቆርቆሮ ተመትቶባቸው፣ በሚስማሩ ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ብቻ ግድግዳው ላይ ነጥብ ነጥብ ይላል። ጥግ ላይ ክዳን የሌለው ባልዲ አለ። ሴቶቹ ሲሚንቶው ላይ ተደጋግፈው ተቀምጠዋል። የሚጠጣ ውኃ በቀን አንድ ጀሪካን ነው፣ ለሁላችንም።

ቦታ የለቀቀችልኝ ከዛሪማ የመጣች አረቄ ሻጭ ነበረች። ትልቅ ሴት ናት፣ ድምፀ ሻካራ። እትዬ እላት ነበር። የታሰረችው አረቄዋን እነማን እንደጠጡት አልናገርም ብላ ነው። «አረቄ የሚጠጣ ሰው መታወቂያ ያሳያል እንዴ?» ትላለች፣ በጠየቋት ቁጥር።

በማግስቱ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ከግድግዳው ማዶ የየኔታን ድምፅ ሰማሁ።

በቤተ ክርስቲያን በየዕለቱ፣ በዚያ ቀን ያረፉት አባቶችና እናቶች ታሪክ ይነበባል። የኔታ የዓመቱን በሙሉ በቃላቸው ይዘውታል። ወታደሮቹ ሻይ ሲጠጡ እሳቸው ለወንዶቹ ያነቡላቸዋል፤ ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ እኛም እንሰማለን። በዚህች ቀን አረፈ፣ እያሉ። በንጉሥ ፊት አልዋሽም ብሎ በግዞት የሞተ ጳጳስ። ሲጽፍ ሲጽፍ ዓይኑ የጠፋ መምህር። ስሟን ቀይራ ገዳም የገባች ሴት። አንዱ ከግብፅ ነው፣ አንዱ ከሶርያ፣ አንዱ ከእኛው አገር። በመካከላቸው ብዙ መቶ ዓመት አለ። ግን በአንድ ቀን ስላረፉ በአንድ ቀን ይጠራሉ።

«ሰው በተወለደበት ቀን ምኑ ይታወሳል» ይሉ ነበር የኔታ፣ ቤት ሳለን። «ያን ጊዜ ገና ማን እንደሚሆን አይታወቅ። ባረፈበት ቀን ነው እንጂ።»

እትዬ ከእንቅልፏ ስትነቃ የመጀመሪያ ቃሏ «ዛሬ ደግሞ እነማን ሞቱ?» ነው። ከሰማች በኋላ ትተክዝና «ጳጳስ፣ መምህር፣ መነኩሴ» ትላለች። «አረቄ ሻጭ የምታርፍበት ቀን የለም ማለት ነው። እኛ ዝም ብለን ነው የምንሞት።» ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። ቀኑን የምናውቀው በዚህ ነበር። ሌላ የምናውቅበት አልነበረንም።

ከዚያ የኔታ ማሳል ጀመሩ። ንባቡም እያጠረ ሄደ። በገብርኤል ዋዜማ ማለዳ የአንድ አባት ብቻ አነበቡና ድምፃቸው ተቆረጠ።

ከቀትር በኋላ ወንዶቹ በሩን በመዳፋቸው መደብደብ ጀመሩ። «ሽማግሌው! ሐኪም ጥሩልን!» ይላሉ። ቆይቶ መኪና መጣ። ሞተሩን ሳያጠፋ ጥቂት ቆሞ ሄደ። ሲሄድ በሚስማሩ ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ገና አልጠፋም ነበር፤ መቅላት ጀምሯል።

በማግስቱ ገብርኤል ነው። ጎህ ሲቀድ ከማዶ ምንም አልተሰማም። እትዬም «እነማን ሞቱ?» ሳትል ቀረች።

ዳቦ የሚያድለው ወታደር ሲገባ ልጠይቀው ተነሣሁ። እትዬ አየችኝና እሷ ጠየቀችልኝ።

«አያ ወታደር፣ የማዶው መምህር ምነው ዝም አሉ?»

«ሆስፒታል ሄደዋል።»

«በማን መኪና?»

«ትናንት በመጣው።»

«ይሻላቸዋል?»

«እኔ ሐኪም ነኝ?» አለና ወጣ።

አመንሁት። ሲመለሱ ይርባቸዋል ብዬ ዳቦዬን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርሁት።

ጥቂት ቆይቶ ከማዶ ሌላ ድምፅ ተሰማ። የወጣት ድምፅ ነው፣ ይንቀጠቀጣል። የዕለቱን ንባብ ጀመረ። ይሳሳትና ይመለሳል፣ ደግሞ ይሳሳታል። በዚህች ቀን እገሌ አረፈ፣ በዚህችም ቀን እገሌ አረፈ፣ እያለ እንደምንም አደረሰው። ጨረሰ ስንል «በዚህችም ቀን» አለና ቆመ።

«በዚህችም ቀን የእኛ መምህር አረፉ። መጽሐፍ ሲተረጉሙ የኖሩ፣ ውኃቸውን ለታመመ ሰጥተው የጠማቸው። በረከታቸው ይደርብን።»

ወንዶቹ «አሜን» አሉ። በእኛ በኩልም ሴቶቹ እንደ ለመዱት «አሜን» አሉ። እኔም አልሁ። የገባኝ አሜን ካልሁ በኋላ ነው።

እንባ አልመጣልኝም። የመጣብኝ ሌላ ነገር ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ አይደለም፤ ፀሐይ ስትገባ ነው። የሠርክ ጸሎት ከደረሰ ሰዓቱ የነገ ነው። መኪናው የመጣው ደግሞ ፀሐይ ሳትገባ ነው። ልጁ ዛሬ ላይ የጠራቸው በእውነት ዛሬ ስላረፉ ነው፣ ወይስ ስለ ጨነቀው? ለሌላ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ይመስል ይሆናል። አስከሬን እንደማይሰጡን አውቄአለሁ፤ ለማንም አልሰጡም። የሚቀርልን ቀናቸው ብቻ ነው። እሱን ከሳትሁ አርባቸውም ይሳታል፣ ሙት ዓመታቸውም ይሳታል። አገር ቤት ያሉት በባዶ ቀን ነው የሚያለቅሱ።

ከወንዶቹ ጋር መነጋገር ክልክል ነበር። ከእኔ በፊት ግድግዳውን ያንኳኳች ልጅ ተጠርታ ሄዳ እጇ አብጦ ነው የተመለሰች።

ተነሥቼ ወደ ግድግዳው ሄድሁ። «ዋዜማው ነው?» አልሁ። ለራሴም አልተሰማኝ።

«እንዲህ ከሆነማ ቁንጫም አይሰማሽ» አለች እትዬ፣ ከኋላዬ። ቀስ ብላ ነው ያለችው።

«ዋዜማው ነው ወይስ ዕለቱ?»

ድምፄ ክፍሉን ሞላው። የእኔ አልመሰለኝም።

«ማን ነሽ?» አለ ልጁ።

«የወንድማቸው ልጅ ነኝ። ፀሐይ ሳትገባ ነው ወይስ ከገባች በኋላ?»

«መኪናው አልጫናቸውም። ለሽማግሌ ቦታ የለም ብለው ሄዱ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ከገባች በኋላ ነው። ጨልሞ ነበር። ክንዴ ላይ ነው ያረፉት።»

«እንግዲያው የገብርኤል ናቸው።»

«አዎ እቴ፣ የገብርኤል ናቸው።»

በሩ ተከፈተ። «ግድግዳ ላይ የጮኸችው ማን ናት?» አለ ወታደሩ። ሁሉም መሬት መሬት አዩ።

«አይጥ ናት» አለች እትዬ።

ዱላውን አነሣባት።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

አየኝ፣ ያመነኝ አልመሰለም። «አንቺ? አንቺም አፍ አለሽ?»

ግቢው ውስጥ ጠጠር ላይ አንበረከከኝ፤ እጅ ወደ ላይ። እጅሽን ካወረድሽ እንደ አዲስ ይጀመራል አለኝ። ከፊቴ የሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ፣ ከምሰሶው ማዶ የመምህራኑ ቢሮ በረንዳ ይታየኛል። በረንዳው ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ተጋድሟል። እግሩ ወጥቷል። የካልሲውን ተረከዝ የጠቀምሁት እኔ ነኝ፤ ጥቁር ክር አጥቼ በቡኒ ነበር የጠቀምሁት። እጄን አላወረድሁም። ጥላዬ ከጉልበቴ ሥር ሲገባ አስነሣኝና መለሰኝ።

ክፍሉ ውስጥ ስገባ ሴቶቹ ሁሉ ግድግዳውን ተደግፈው ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ አንገት አድርገው፣ ልክ ሐዘን ቤት እንደሚለበሰው። መካከል ላይ የሐዘንተኛ ቦታ ትተውልኛል። ሄጄ ተቀመጥሁ።

«ለቅሶ ደራሽ አላነሰሽም» አለችኝ እትዬ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ። «ቤቱ ጢም ብሏል። የጎደለ ንፍሮው ነው።»

የቋጠርሁትን ዳቦ ፈታሁና ሰጠኋት። በጣቷ ቆራርሳ ለሁሉም አደረሰች፣ ለእያንዳንዷ የአተር ፍሬ ያህል።

ወታደሩ በሩን ከፍቶ ቆመ። «ማልቀስ ክልክል ነው።»

«ማን አለቀሰ?» አለች እትዬ። «በልተን ነው የተቀመጥን።»

ዞር ዞር ብሎ አየን። ነጠላው ገብቶት እንደሆነ አላውቅም። በሩን ዘጋው።

እኔን የለቀቁኝ ከፋሲካ በፊት ነው። የኔታን የት እንደቀበሯቸው እስከ ዛሬ አልነገሩንም። ሙት ዓመታቸው መካነ ብርሃን በገብርኤል ወጣ። ያን ቀን በቤተ ክርስቲያን የዕለቱ ንባብ ሲነበብ እኔ ከሴቶቹ በኩል ቆሜ ነበር፤ ካህኑ ሲጨርስ «በዚህችም ቀን» ብዬ በልቤ ቀጠልሁ። ጮክ ብዬ አላልሁትም። ያን ድምፅ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም።

እትዬ እዚያው ቀረች። ትምህርት ቤቱ አሁን ተመልሶ ትምህርት ቤት ሆኗል፤ ልጆች ይማሩበታል። ሄጄ ዘበኛውን ስጠይቀው እዚህ ማንም ታስሮ አያውቅም አለኝ። ዛሪማ ድረስ ሄድሁ። ቤቷ ቁልፍ ነው። ከጎረቤቶቿ አንዱ ወደ ሌላ ቦታ አዛውረዋታል ይላል፣ አንዷ በክረምት ሞታለች አሉ ትላለች። በክረምት መቼ ብዬ ጠየቅኋት። የነገራት ሰው አላወቀም። ፖሊስ ጣቢያም፣ ማረሚያ ቤትም ጠየቅሁ። አንዳንዱ ጋ ድምፄ አልወጣ ብሎኝ ወረፋዬን ለቅቄ ተመልሻለሁ፤ በማግስቱ ደግሜ ሄጃለሁ። ብትኖርም አላገኘኋት፤ ብትሞትም ቀኗ የለኝም። ይህን የሚያነብ ሰው ካወቀ ይንገረኝ። ፀሐይ ሳትገባ ይሁን ከገባች በኋላም ይንገረኝ።

የተለቀቅሁ ዕለት በሩ ላይ ነጠላዬን ያስተካከለችልኝ እሷ ናት። ወታደሩ «ቶሎ ውጪ» ይላል። ስቃ ታሰናብተኛለች ብዬ ነበር፣ አልሳቀችም። እጄን ይዛ እንዲህ አለችኝ፦

«መጠየቅ ታውቂያለሽ አንቺ። የእኔንም ቀን ጠይቂልኝ።»