አልቆም ያለው ፓምፕ

አዳማ ውስጥ ካለ አንድ የፓምፕ መሸጫና መጠገኛ ሱቅ ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ጠዋት ነው። የውሃ ምህንድስና ዲግሪዬን በፕላስቲክ ማኅደር ይዤ ሄድኩ፤ ማንም አላየውም። የሱቁ ባለቤት ጋሽ ደጀኔ ሰማያዊ ቱታ ሰጡኝ። እጅጌው ከጣቶቼ አልፎ ስለተንጠለጠለ አጥፌ አጥፌ ለበስኩት። "እዚህ ቁሚ፤ ሰው ሲመጣ አስረጂ" አሉኝና ወደ ጓዳ ገቡ።

የመጀመሪያው ደንበኛ ከወለንጪቲ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ቡስተር ፓምፕ ምን እንደሚሠራ ጠየቁኝ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ችግሩ ድምፄ ነው። ሰው ፊት ስቆም ወደ ውስጥ ይመለሳል። አንገቴን ደፍቼ ማስረዳት ጀመርኩ። ሽማግሌው ጥቂት ታገሱኝና "ልጄ፣ የምትነግሪው ለእኔ ነው ለፓምፑ?" አሉኝ።

ከጓዳ ሳቅ ተሰማ። የሳቁት ዋናው ቴክኒሻን ጋሽ በዳዳ ነበሩ። "ለፓምፑም ቢሆን ጮክ ብለሽ ንገሪው፤ የሞተር ጩኸት ሲሰማ ኖሮ ጆሮው ከብዷል" አሉ። እኔም ሳቅሁ። ከሳቅሁ በኋላ ድምፄ ትንሽ ወጣ።

ያን ቀን ለሽማግሌው ያስረዳሁትን እስከ ዛሬ በዚያው መልክ ነው የምናገረው። ውሃ በራሱ ሽቅብ አይወጣም፤ የሚገፋው ይፈልጋል። አሥር ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር አንድ ባር ያህል ግፊት ያጣል። ሰፈሩ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ በአንድ መስመር ላይ ብዙ ቤት ሲቀጠል፣ ፎቅ በፎቅ ላይ ሲጨመር፣ ግፊቱ እየሳሳ ይሄዳል። ምድር ቤት ልብስ የሚያጥበው ውሃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ክር ያክላል።

ቡስተር ፓምፕ ውሃ አያመርትም። ያለውን ይገፋል። ውስጡ ኢምፔለር የምንለው ክንፍ ያለው ክብ አለ። ሞተሩ ሲያሽከረክረው ውሃውን ከመሃል ወደ ዳር ይወረውረዋል፤ ባጃጅ በክረምት ኩሬ ስትረግጥ ጎማዋ ጭቃውን እንደሚረጨው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ፓምፑ ውስጥ የተወረወረው ውሃ መውጫው አንድ ቧንቧ ብቻ ስለሆነ ተጨናንቆ ሽቅብ ይሄዳል።

ማስነሳትና ማቆም የሰው ሥራ አይደለም። ቧንቧ ሲከፈት በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፤ የግፊት ማብሪያው ያን ጊዜ ሞተሩን ያስነሳዋል። ቧንቧ ሲዘጋ ግፊቱ ይሞላና ሞተሩ ይቆማል። ከጎኑ የምትታሰረው ትንሿ በርሜል ውስጧ አየርና የጎማ ከረጢት አለ። አንድ ብርጭቆ ውሃ በተቀዳ ቁጥር ሞተሩ እንዳይነሳ የምታግዘው እሷ ናት። ስለዚህ ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ ፓምፑ አልቆም ካለ፣ አንድ ቦታ ውሃ እየፈሰሰ ነው።

ሽማግሌው ጨርሰው ሰሙኝና ፓምፑን ገዙ። ሲወጡ ፓምፑን መታ መታ አድርገው "ሰማህ አይደል?" አሉት።

ከዚያ በኋላ ጋሽ በዳዳን ተከትዬ ዞርኩ። ውሃ እንዳያንጠባጥብ መገጣጠሚያ ላይ ቴፍሎን መጠቅለል፣ ቧንቧ ማሰር፣ የሞተር መስመር መቀጠል ከሳቸው ተማርኩ። እሳቸው ደግሞ ለየትኛው ሕንፃ ምን ያህል ፓምፕ እንደሚበቃ እኔን ያስሰሉኛል። "ኢንጂነር፣ አስቢው፤ እኔ እሸከመዋለሁ" ይላሉ። እየተሳሳቅን ነበር የምንሠራው።

አንድ ዓርብ ጋሽ ደጀኔ ጠሩኝ። "የደንበኛችንን የእትዬ አስካለን ሕንፃ አንቺ ነሽ የምታስረክቢው" አሉ። "ሥራው ከጠራ ከሰኞ ጀምሮ ኃላፊ ሆነሽ ትወጫለሽ። ካልጠራ ሱቅ ትቆሚያለሽ።" ሱቅ መቆም ማለት ቀኑን ሙሉ ከማላውቀው ሰው ጋር ማውራት ነው። ከፎቅ መውደቅ ይሻለኛል ብዬ አሰብኩ።

ሕንፃው ከፍ ካለ ሰፈር ነው፤ ባለ ሦስት ፎቅ። ምድሩ ሱቅ፣ አንደኛውና ሁለተኛው የሚከራዩ ክፍሎች፣ ሦስተኛው የልጃቸው የሰብለ አዲስ የሴቶች ፀጉር ቤት። ወቅቱ ከፋሲካ በኋላ ያለው የሰርግ ሰሞን ነበር። የሰብለ የመጀመሪያ ደንበኛ በማግሥቱ ጠዋት የምትመጣ ሙሽራ ናት፤ ከነሚዜዎቿ። የፀጉር ማጠቢያው ገንዳ ከአዲስ አበባ ዘግይቶ ስለደረሰ ሥራው ሁሉ የመጨረሻው ቀን ላይ ተቆልሏል።

ጋሽ በዳዳ በሩ ላይ "ዛሬ ረዳትሽ ነኝ፤ እዘዢኝ" አሉ። ማዘዝ ስለከበደኝ "እባክዎን" እያልኩ ለመንኳቸው። "እንዲህ የሚለምን አለቃ አይቼ አላውቅም" እያሉ ሠሩ።

ፓምፑን ምድር ላይ ከተቀመጠው ሮቶ ጎን ተከልነው። የከተማው ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሮቶውን ይሞላል፤ ፓምፑ ከሮቶው ስቦ ወደ ላይ ይገፋል። እትዬ አስካለ ይህ አልጣማቸውም። "ለምን ከመንገዱ መስመር በቀጥታ አይስብም?"

"የጎረቤትዎን ውሃ ይጠባል፣ እትዬ። ጎረቤትዎ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ፓምፕ ይገዛሉ። ከዚያ እርስዎ ከሳቸው የሚበልጥ..."

"በቃ በቃ፣ ገባኝ። ጎረቤቴ የእድራችን ዳኛ ናቸው። ከሳቸው ጋር ተጣልቼ ማን ይቀብረኛል?"

ማብሪያውን ተጫንኩ። ሞተሩ ተነሳ፤ የግፊት መለኪያው መርፌ ከፍ አለ። ከላይ ሰብለ "መጣ! መጣ!" እያለች ጮኸች። እትዬ አስካለ እልል አሉ። ሰብለ ገንዳዋን ሞልታ ስትጨርስ ቧንቧዋን ዘጋች። ፓምፑ ግን አልቆመም።

ጠበቅን። አልቆመም። መርፌው ከማቆሚያው ልክ ትንሽ ዝቅ ብሎ ተንቀጠቀጠ። የሮቶው ውሃ ይወርዳል። የሚቀጥለው ፈረቃ ደግሞ ከሰርጉ በኋላ ነው። ይህ ውሃ ካለቀ ነገ ሙሽራዋ ፀጉሯን ሳትታጠብ ትመለሳለች።

ጋሽ በዳዳ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉ። "መገጣጠሚያ ለቋል። ግድግዳ ውስጥ ነው።"

"የትኛው ግድግዳ?" አሉ እትዬ አስካለ።

"ላይ፣ ሴራሚኩ ያለበት።"

"አዲሱ ሴራሚክ? ወይኔ አስካለ!"

ጋሽ በዳዳ መዶሻና መሮ አወጡና ወደ እኔ ዞሩ። "አለቃ አንቺ ነሽ፤ ልምታው?"

"ይቆዩ" አልኩ። የሞተሩ ጩኸት ድምፄን ዋጠው፤ ከንፈሬን ብቻ ነው ያዩት። ጋሽ በዳዳ እሺ ያልኳቸው መስሏቸው ደረጃውን መውጣት ጀመሩ። ያን ጊዜ ፓምፑን አጥፍቼ "ይቆዩ!" አልኩ። ሕንፃው ጸጥ ባለበት ስለጮህኩ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ተሰማ። ሰብለ በደረጃው መከታ ላይ ተንጠልጥላ "ምን ፈነዳ?" አለች።

ወደ ላይ በሚወጣው ዋና ቧንቧ ላይ ለየፎቁ አንድ አንድ መዝጊያ ቫልቭ ገጥመን ነበር። ፓምፑን መልሼ አስነሳሁና ቫልቮቹን በተራ መዝጋት ጀመርኩ። የሦስተኛውን ዘጋሁ፤ ፓምፑ ቀጠለ። የአንደኛውን ዘጋሁ፤ ቀጠለ። የሁለተኛውን ስዘጋ መርፌው ሽቅብ ሄደ፤ ማብሪያው ጠቅ አለ፤ ፓምፑ ቆመ።

"ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው" አልኩ። "ግን ግድግዳ ውስጥ የለቀቀ መገጣጠሚያ ይሁን ተከፍቶ የቀረ ቧንቧ አናውቅም። ሰዎቹን እንጠይቅ።"

"አንኳኪያ" አሉ ጋሽ በዳዳ፣ መሮውን ኪሳቸው ከትተው።

የሰው በር ማንኳኳት ለእኔ ግድግዳ ከመስበር አይቀልም። የመጀመሪያው በር ላይ አንድ አስተማሪ ወጡ፤ ቧንቧቸው ዝግ ነው። በሚቀጥለው አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ ከፈተች፤ የሷም ዝግ ነው። የመጨረሻው በር ተቆልፏል። እትዬ አስካለን ቫልቩን ለአፍታ እንዲከፍቱልኝ ጠይቄ ጆሮዬን በሩ ላይ አደረግሁ። ውስጥ ውሃ በውሃ ላይ ይወርዳል።

ጋሽ በዳዳም አዳመጡ። "ይሄስ የግድግዳ ድምፅ አይደለም" አሉ።

ክፍሉ የጫልቱና የእህቷ ነው። ሁለቱም ዱከም ፋብሪካ ይሠራሉ፤ ጠዋት በሰርቪስ ሄደው ማታ ይመለሳሉ። እትዬ አስካለ ደወሉና ስልኩን እኔ እጅ ላይ አደረጉት። "አንቺው ንገሪያት፤ እኔ የፓምፕ ነገር አላውቅም።"

"ሄሎ... የፓምፕ ሠራተኛ ነኝ" አልኩ።

"ማን? አልሰማም!"

"የፓምፕ! እትዬ አስካለ ቤት!"

"ምነው? እትዬ ምን ሆኑ?"

"ደህና ናቸው። ቧንቧችሁን ዘግታችሁ ነው የወጣችሁት?"

"መዝጋት? ለምን እንዘጋለን?" ጫልቱ በጣም ገረማት። "ከፍተን ባልዲ ሥሩ አድርገን ነው የምንወጣው። ፈረቃው ሲመጣ እኛ ቤት የለን። ማን ይቀዳልናል? ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው!"

"ባልዲው ሞልቶ ሲፈስስ?"

"ሞልቶ አያውቅማ!"

ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ስለነበር ደረጃው ሁሉ ሳቀ። እትዬ አስካለ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አስተማሪው ሰዎች መሃል ቆመው "እውነቷን ነው፤ እኔም ትምህርት ቤት ስሄድ እንደዚያው ነኝ። ዛሬ ፈተና እያረምኩ ቤት ውዬ ነው የተረፍነው" አሉ።

የሁለተኛውን ፎቅ ቫልቭ እስከ ማታ ዘግተን አቆየን። ጋሽ በዳዳ ለአስተማሪውና ለሕፃኑ እናት በጀሪካን ውሃ አደረሱ። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ ግፊቱን ልለካ ስል ሰብለ ትከሻዬን ይዛ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችኝ።

"በምን ትለኪዋለሽ?"

"በመለኪያ።"

"እኔ በፀጉር ነው የምለካው።" ሻሼን ፈታችው። የሲሚንቶ አቧራ የጠጣ ፀጉሬን ገንዳው ላይ አስተኝታ ውሃውን ለቀቀችበት። ውሃው ወፍራምና የማይቆራረጥ ነበር። ከታች ፓምፑ ሲነሳ በጭንቅላቴ በኩል ሰማሁት። ዘጋች፤ ቆመ። ከፈተች፤ ተነሳ። ያጠበችኝን ፀጉር ተኩሳ ለቀቀችኝ፤ እምቢ ብልም አልሰማችኝም።

ማታ ጫልቱና እህቷ ከሰርቪሱ ወርደው እየሮጡ መጡ። በሩ ሲከፈት ባልዲው እስከ አፉ ሞልቶ ነበር፤ ከላዩ የፈሰሰው ውሃም በመታጠቢያው ወለል ማስወገጃ ሄዷል። ጫልቱ "ያ ዋቅ! አምላኬ፣ ሞላ እኮ!" ብላ ስልኳን አውጥታ ባልዲውን ፎቶ አነሳችው። ከዚያ ቧንቧውን ዘጋች። ቫልቩን ከፈትኩ። ፓምፑ ትንሽ ጮኸና ቆመ። ሁላችንም ደረጃው ላይ ቆመን ዝምታውን አዳመጥን።

ቅዳሜ ጠዋት ሙሽራዋ መጣች። ከላይ እልልታ፣ ሳቅና የፀጉር ማድረቂያ ድምፅ ይሰማል። እኔ ታች ፓምፑ አጠገብ ቆሜ ሲነሳና ሲቆም አብሬው እተነፍስ ነበር። ጋሽ ደጀኔ መጡና ፀጉሬን አይተው ቆሙ። "አንቺ የመጣሽው ለሥራ ነው ለሚዜነት?"

"ለሥራ ነው" አልኳቸው።

"ጠርቷል" አሉ ጋሽ በዳዳ። "አንዲት ሴራሚክ አልነካንም። ልትነካ የነበረችውን እኔ አውቃታለሁ።"

ጋሽ ደጀኔ ሮቶውን አዩ፤ መርፌውን አዩ። "ሰኞ ኃላፊ ሆነሽ ባቱ ትወጫለሽ" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ባቱም፣ አርሲ ነገሌም፣ ዱከምም ፓምፕ ተክያለሁ። አሁንም ድምፄ ቀጭን ነው፤ በር ግን አንኳኳለሁ። ከዩኒቨርሲቲ ለሚመጡት አዳዲስ ልጆች የምነግራቸው ይህንኑ ነው። ለየፎቁ ቫልቭ ግጠሙ። ውሃ በማይኖርበት ጊዜ ሰዎቹ ምን እንደሚያደርጉ በየክፍሉ ጠይቁ። ቧንቧ ሁሉ መዘጋቱን እያችሁ ፓምፑን አስነሱ።